በመዳፏ ውስጥ የጠራው ቱቦ

ታላቅ እህቴን ቤተሰቡ «እሽክርክሪት» ይላታል። ምሳ ስትበላ እንኳ አንድ እግሯ በር ላይ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ስትሠራ ስንት ጫማ ጨርሳለች፤ ወንበሯ ግን እስከ ዛሬ አዲስ ነው!

አንድ ማክሰኞ ኩላሊት እጥበት ክፍል ገብታ የአንድ ሽማግሌ ደም ሁለት ጊዜ ቀዳች፤ እጥበቱ ሳይጀመር አንዴ፣ ከተጀመረ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ አንዴ። የላቦራቶሪው ማሽን ቱቦዎቹን አሽከርክሮ ቀዩ ደም ከታች ሲዘቅጥ፣ የመጀመሪያው ቱቦ ፈሳሽ ወተት መሰለ። የሁለተኛው ጥርት ያለ ቢጫ።

አለቃዋ ሁለቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አያቸው።

«የሰው ደም አቀያይረሻል።»

«ኧረ በልጆቼ! ስሙን አልጋው አጠገብ ቆሜ ነው የጻፍኩት።»

«ታዲያ ያ ወተት የመሰለው ስብ በሃያ ደቂቃ የት ገባ? እስከ ስድስት ሰዓት ካላስረዳሽኝ ከነገ ጀምሮ ካርድ ክፍል ነሽ።»

ካርድ ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ማለት ነው። ለእሷ እስር ቤት በሉት።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ሽማግሌው በረረች።

«አባባ፣ ጠዋት ምን በሉ?»

«በቅቤ የተጠበሰ እንቁላል። አራት... እሺ፣ ስድስት። ልጄ እንዳትሰማ፣ አደራ!»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ከዚያ ወዲህ ያገኙት እጥበቱ ሲጀመር የተሰጣቸው ሄፓሪን ብቻ ነው፤ ደሙ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ እንዳይረጋ» አለቻት።

እህቴ ሄፓሪን ይዛ ተመለሰችና ከነጩ ፈሳሽ በከፊሉ ላይ ጠብ አደረገች። ጠበቀች። ወተቱ ያው ወተት። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። አለቃዋ በበር ብቅ ብሎ «እህስ?» አላት።

ኮሪደሩን ትመላለስ ጀመር። ሰባተኛው ዙር ላይ ብልጭ አለላት፦ መድኃኒቱ ራሱ ስቡን ካልነካ፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀሰቅሰው ነገር አለ ማለት ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ጥርት ባለው ቱቦ ውስጥ መኖር አለበት!

ከጠራው ወስዳ ከነጩ ጋር ቀላቀለች። አለቃዋ «ቀጥኖብሽ ነው» እንዳይላት ሌላውን ነጭ በዚያው ልክ በጨው ውሃ አቀጠነች። ቅልቅሉን በቀኝ፣ በጨው ውሃ የቀጠነውን በግራ እጇ ጨብጣ እንደገና ኮሪደሩን ተያያዘችው። ሰውነት ሞቃት አይደል? መዳፏም ይሞቃል።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አለቃዋ ፊት እጆቿን ዘረጋች። ግራው እንደ ደፈረሰ ነው። በቀኙ ቱቦ ውስጥ ግን የግድግዳው ማስታወቂያ አልፎ ይነበባል።

አለቃዋ ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደ፣ ገለጠ፣ ገለጠ... ለካ ሄፓሪን የደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጣበቀውን፣ ስብ የሚሰባብረውን ኢንዛይም አላቅቆ ወደ ደም ይለቀዋል!

«በይ ቁጭ በይና ጻፊልኝ» አላት ወንበር እየሳበ።

«ቆሜ እጽፋለሁ።»