የጋልታቆ ሦስተኛ ካብ

ኦንጋዬ መጀመሪያ መሬቱን ጠረገው። ጠጠሩን በእጁ ለቀመ፣ አቧራው እንዲተኛ ከቅሉ ውሃ በእፍኙ እያፈሰ ረጨበት፣ ተነሥቶም በእግሩ ደለደለው። ከዚያ ተንበርክኮ በሁለት ጣቱ አመድ እየቆነጠረ መስመር ማፍሰስ ጀመረ። የመንደሩን የውስጥ ካብ አሰመረና አራት በር ተወለት። ቀጥሎ የውጭውን ካብ። መስመሩ ሲወፍርበት በዶሮ ላባ ያቀጥነዋል፤ ሲጣመምበት እፍ ብሎ አጥፍቶ እንደገና ይቆነጥራል። አስፋልቱን በቀይ አፈር፣ ኩሬውን በሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ፣ የሽፈራው ዛፎቹን በቅጠላቸው አስቀመጠ። ሁሉንም የጀመረው ከቁልቁለቱ ወገን ነው። ካብ የሚክብ ሰው ከታች ካልተነሣ ሥራ የጀመረ አይመስለውም።

«አንተ ሰውዬ፣ መንደር ነው የምትሠራው ወይስ ዶሮ ልታታልል ነው?» አለው ካላሌ፣ ከሞራው ጥላ ሥር ጋደም እንዳለ። ሞራው የመንደሩ ወንዶች የሚመክሩበት፣ ትዳር ያልያዙቱም የሚያድሩበት ባለ ትልቅ ክዳን ቤት ነው።

«ዝም ብለህ ውሃ አቀብለኝ።»

«እኔ ተቀጥሬያለሁ እንዴ?»

«ዕድሜህን ሙሉ መቼ ተቀጥረህ ታውቃለህ?»

ኦንጋዬ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በኮንሶ፣ በጋልታቆ መንደር፣ ካብ የተደረመሰበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ሲሚንቶ አይነካም። ድንጋዩን አንሥቶ ሦስት ጊዜ ያገላብጠዋል፣ ፊቱን ያገኝለታል፣ ያስቀምጠዋል፤ አንዴ ካስቀመጠው አያነሣውም። ቁጭ ብሎ መብላት ግን አያውቅበትም። ባለቤቱ ዶርቃ ከእህልና ከሽፈራው ቅጠል የሚቀቀለውን ኩርኩፋ በቅል አድርጋ ታስይዘውና ግቢውን እየዞረ ይበላል። «አንተን ያገባሁ ቀን እግርህን ብቻ ነው ያገባሁት» ትለዋለች። ይህ እንግዲህ ደኅና በሆነበት ጊዜ ነው። ካለፈው ጥር ወዲህ ጭራሽ ብሶበታል።

ያን የአመድ ካርታ የሠራው መንደሩ የወደፊቱን ሊመክር ስለተሰበሰበ ነው። ጋልታቆ በሁለት ዙር ካብ የታጠረች ናት። ሁለተኛውን የካቡት የአያቶቻችን አያቶች ናቸው፤ እሱም ከሞላ ቆይቷል። ቤቱ ከቤቱ ከመጠጋቱ የተነሣ የአንዱ ክዳን ጠፈጠፍ የሌላውን ግድግዳ ያበሰብሳል። አዲስ ያገቡት አስፋልቱ ዳር በየፈለጉበት ቆርቆሮ ያቆማሉ። እያንዳንዱ ቆርቆሮ አንድ እርከን ይበላል፤ እርከኑ ሲፈርስ ጎርፉ ከሥሩ ያለውን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ሦስተኛ ዙር ይካብ ተባለ። በየት በኩል ይለፍ? ቧንቧው፣ ወፍጮው፣ የልጆቹ መንገድ የት ይሁን? ይህን ለመወሰን ነበር ሕዝቡ የወጣው።

የፕላን ባለሙያዋ ሊዲያ ኮራ የኮንሶ ልጅ ናት። ጥቅል ወረቀት ይዛ መጣች፤ ግን አልፈታችውም። «ወረቀቱ ይደርሳል። መጀመሪያ መንደሩን እናንተ አሳዩኝ» አለች። «ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ድንጋይ አስቀምጡ።»

ሕዝቡ አመዱን ከበበው። አንዷ ሴት ገና ከመድረሷ ኦንጋዬን ያዘችው።

«የኔን በር ምን አድርገህ ነው ወደ ገደል ያዞርከው?»

«በርሽ ወደ ገደል ነው።»

«ገደል አይደለም፣ ቁልቁለት ነው! ሃያ ዓመት እንስራ ተሸክሜ የወጣሁበትን አንተ ልትነግረኝ?»

«እሺ፣ ቁልቁለት ይሁንልሽ» አለና በላባው አስተካከለላት።

ድንጋዩ እየተደረደረ ሄደ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አፓ ኡርማሌ በበትራቸው እየጠቆሙ የተረሳውን ያስታውሳሉ፤ አፓ ማለት አባት ማለት ነው፣ እሳቸውን ሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። ሲቆጠር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ሆነ። ሊዲያ በዚያ ላይ ለሚወለዱት ጨምራ አሰላች፤ አዲሱ ካብ ስድስት መቶ አርባ እርምጃ ይበቃዋል ተባለ። ሁሉም ተስማማ፤ የአገሩ ጠላ፣ ጨቃው፣ ወጣ፤ ተጠጣ። ካርታውን ሞራ የሚያድሩት ወጣቶች ዶሮ እንዳይገባበት በእሾህ አጠሩት።

በማግስቱ ኦንጋዬ ሲባጎና ችካል ይዞ መስመሩን ሊያወጣ ወረደ። አርባ ችካል ተክሎ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ፣ ያም መቀመጥ ከተባለ፣ ካላሌ እያዛጋ መጣ።

«ኦንጋዬ፣ እስቲ የኔን ቤት አሳየኝ።»

«ውጣና ካርታው ላይ እየው።»

«አይቼ መጣሁ። የወንድሜን ድንጋይ አየሁ። ትልቅ ናት፣ እንደ ሆዱ። የኔን ግን አጣኋት። ዶሮ በላችብኝ እንዴ?»

ካላሌ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በእኛ አገር የአባት መሬት የሚወርደው ለበኩሩ ልጅ ነው። ካላሌ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ መሬት ስለሌለው አላገባም፣ ስላላገባ ቤት የለውም፣ ቤት ስለሌለው ሞራ ያድራል። ኦንጋዬ ተነሥቶ ዳገቱን ወጣ። እሾሁን ገፍቶ ገብቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየነካ ስም ጠራ። ሁሉም በኩር ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በኩር፣ ወይም የበኩር አባት፣ ወይም የበኩር መበለት። ቤት ተብሎ ሲጠየቅ በኩሩን ብቻ ማሰብ ለጋልታቆ ሰው ዐይን እንደ ማርገብገብ ነው፤ ማንም ሆነ ብሎ አላደረገውም። ካርታውን የሠራው ደግሞ ራሱ ነበር።

ዝናቡ ሊገባ አንድ ወር ተኩል ቀርቶታል። የካብ መሠረት የሚቆፈረው በደረቅ ነው። መሠረቱ አንዴ ከወረደ በኋላ የሚጨመር ቤት የለም፤ ያልተቆጠረ ሰው ለሌላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ውጭ ይቀራል። ካላሌ ይህን በቀልድ ነገረው። ኦንጋዬ ግን በዚያች ሰዓት የሚያስበው ስለ ካላሌ አልነበረም።

ጉማቾ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። አባታቸው ሲሞቱ እርከኑ ሁሉ፣ አሥራ አራቱም፣ ለኦንጋዬ ሆነ። ጉማቾ የጠየቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ከወንዙ ማቋረጫ በላይ ያለችውን፣ ሁለቱ በልጅነታቸው አብረው የካቧትን። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለው ኦንጋዬ። ያለው ይህን ብቻ ነው። ጉማቾ በሳምንቱ መዶሻውን ትቶ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አንድ ቀን እንኳ ስልክ አልደወለም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሞራው ሥር ተቀመጡ። ኦንጋዬ ቆሞ ተናገረ።

«ያወጣሁት መስመር ልክ አይደለም። ችካሉን እነቅላለሁ።»

«ሰክረሃል?» አሉት አፓ ኡርማሌ።

«አፓ፣ ቤት ስንቆጥር ታናናሾቹን ዘለልናቸው። እዚህ ሞራ ብቻ የሚያድሩት ሃያ ስድስት ናቸው። ካቡ ስምንት መቶ እርምጃ መሆን አለበት።»

«ስምንት መቶ? በማን መሬት ላይ?» አለ አንዱ ከኋላ። «የኔ እርከን ላይ እንዳትመጣ!»

«በአሥራ አንድ ሰው እርከን ላይ ነው የሚያልፈው። ያንተም አለበት።»

ሞራው ተንጫጫ። አንዱ «ታናሽ ታናሽ ነው፤ እኛ ነን እንዴ ዘግይቶ እንዲወለድ ያደረግነው?» አለ። ካላሌ ከዳር ሆኖ «እኔማ ለመቅደም ሞክሬ ነበር፤ ወንድሜ በሩን ዘግቶብኝ ነው» ሲል ያኮረፈውም ሳይወድ ሳቀ። ሊዲያ ጣልቃ አልገባችም፤ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

ኦንጋዬ ሲባጎውን ጣቱ ላይ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። በመጨረሻ «የመጀመሪያዋ እርከን የኔ ትሁን» አለ። «ከማቋረጫው በላይ ያለችው። ካቡ በመሃሏ ያልፋል። ውስጥ የምትቀረው ግማሿ ለቤት መሥሪያ ትሁን። ከዚያ በኋላ እምቢ የሚል ካለ ፊት ለፊቴ ቆሞ እምቢ ይበል።»

እምቢ ብሎ የቆመ አልነበረም። ያቺ እርከን በጋልታቆ ምርጧ ናት፤ ማሽላዋ ቁመቱ ሌላ ነው። ዶርቃ ከሴቶቹ መሃል ሆና አየችው። ቤት ሲገቡ የምትለውን ሁሉ ከፊቷ ያነበበ መሰለው። ኋላ እንደተናገረችው ግን ያሰበችው ሌላ ነበር፤ «ይህን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብትለው ኖሮ» ነው ያለችው በሆዷ።

አፓ ኡርማሌ ፈረዱ። «እዚህ ያሉት ይቆጠሩ። የሄዱትስ? የሄደ ሰው መመለሱን ማን ያውቃል? ባዶ መሬት አንክብም። በራሱ አፍ አዎ ያለ ድንጋይ ይቀመጥለት። ያላለ አይቀመጥለትም። እስከ የካቲት ሠላሳ።»

«አፓ፣ ጊዜው አጭር ነው።»

«ዝናቡን ለምነውና ያዘግይልህ።»

ከመንደሩ የሄዱት ታናናሾች ሠላሳ አንድ ሆነው ተገኙ። ሊዲያ ስማቸውን ጻፈች፤ መንደሩ ስልኩን አወጣ። አንዱ ጂንካ ዘበኛ ነው፣ «ለኔ ደግሞ ቦታ አለ?» ብሎ በስልክ አለቀሰ። አንዱ ሞያሌ ሸክም ላይ ነው፣ ነግረውት እስኪጨርሱ ሳይጠብቅ «አዎ፣ አዎ!» አለ። አንዱ «ተዉኝ እባካችሁ፣ እኔ አርባ ምንጭ ቤት ሠርቻለሁ» አለ፤ እሱም መልስ ነው፣ ተሰረዘ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ስምንቱ ተገኙ። ካርታው ላይ ድንጋዩ በዛ። ኦንጋዬ በየጠዋቱ እሾሁን ገፍቶ ይገባል፣ ይቆጥራል፣ ይወጣል።

ካልተገኙት ሦስቱ አንዱ ጉማቾ ነው። ያቤሎ ታየ የሚል ወሬ ሲሰማ ኦንጋዬ በመጀመሪያው መኪና ሄደ። ሁለት ቀን የድንጋይ ሥራ ያለበትን ሁሉ ዞረ። አንድ ሰው የግቢ አጥር አሳየው። ኦንጋዬ አጥሩን በመዳፉ እያሰሰ ዳር እስከ ዳር ሄደ። ሲሚንቶ የለበትም። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ፣ በየሦስት ክንዱ አንድ ረጅም ድንጋይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሁለቱን ፊት አስሯል።

«የሠራው ሰው የት አለ?»

«ያ ነጭናጫ? ድንጋዩን እያገላበጠ ከራሱ ጋር ሲጨቃጨቅ የሚውለው? ክረምት ላይ ሄደ። ሐዋሳ ሆቴል የሚያስገነባ ሰው ወሰደው።»

«ስልክ የለውም?»

«ነበረው። ጠፋበት። ወይ ጠፋብኝ አለ።»

ሐዋሳ ሄደ። ሐዋሳ ትልቅ ናት፤ ሆቴል የሚያስገነባውም ብዙ ነው። ከጠየቃቸው አንዱ ዲላ ነው አለ፣ ሌላው ሻሸመኔ ነው አለ። ኦንጋዬ መሠረቱን የሚያስቆፍር ሌላ ሰው ስለሌለ ተመለሰ። አሁን ጠዋት ቁፋሮ ያሠራል፣ ከሰዓት አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ከሚያልፉት ሾፌሮች ጋር ያወራል። መሠረቱ ከሰሜኑ በር ተነሥቶ እየወረደ ነው። በሦስት መቶ ሃያኛው እርምጃ ላይ ከኦንጋዬ እርከን ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ የቤቱ ቦታ ወይ ለጉማቾ ይመተራል፣ ወይ ለሌላ ይሰጣል፤ እሱ ራሱ የተስማማበት ፍርድ ነው፣ ለወንድሙ ብሎ አያጣምመውም። የካቲት ሠላሳ ሊሞላ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ኦንጋዬ የሚለምናችሁ እንዲህ ነው። በከተማችሁ ያለ ሲሚንቶ የሚክብ፣ ቀጠን ያለ፣ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሚሆነው ሰው ካያችሁ ጉማቾ ነህ ወይ በሉት። አይደለሁም ሊላችሁ ይችላል፤ ጣቱን እዩ። ኦንጋዬ ይቅርታ ጠየቀህ አትበሉት። እሱን ራሱ ይለዋል፣ ፊት ለፊት። ከማቋረጫው በላይ ያለችው እርከን ላይ ቤት የሚሠራበት ቦታ እንዳለው ብቻ ንገሩት፤ አዎ ወይም አይ እንዲል ጠይቁት። አይ ካለም አትጫኑት። ያለውን ግን፣ አደራ፣ ለጋልታቆ ሞራ እንዲደርስ አድርጉ። በአስፋልቱ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ አሁን ሞራውን ያውቀዋል።