ከጭስ ጋር የተጣላችው ኃላፊ

ባለቤቴ የመንግሥት ሆስፒታል የጽዳት ኃላፊ ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ኮማንደር» ይሏታል፤ እኔ ቤት ውስጥ እንዲያ ብዬ ስጠራት ግን ታፈጥብኛለች። አንዴ የያዘችውን ነገር ካልጨረሰች እህል አይወርድላትም። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ቀን አኩርፌያለሁ።

የዚያን ሰሞን የያዘችው ጭሱን ነበር። የሆስፒታሉ ቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ ያለው ከሕፃናት ክፍል ጀርባ ነው። ደም የነካው ፋሻ መቃጠሉ ግድ ነው፤ ግን ካርቶኑም፣ የውሃ ፕላስቲኩም፣ የምሳ ትራፊውም አብሮ ይነድ ነበር። ለምን ቢሉ፣ በየአልጋው አጠገብ ያለው ለሚቃጠል የተመደበው ቢጫ ቅርጫት ብቻ ነበር፤ ለሌላው ቆሻሻ የሚሆነው ጥቁሩ ኮሪደር ጫፍ ተገትሮ ነበር። ለሙዝ ልጣጭ ብሎ እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል? ሳንባቸውን የታመሙ ሕፃናት መስኮት ተዘግቶላቸው እንኳ ያስሉ ነበር።

ኮማንደር ወገቧን ታጥቃ ተነሣች። ጥቁሩን ወደ አልጋው አመጣችው፤ ቢጫውን ነርሶቹ ቁስል ለማሸግ በሚገፉት ጋሪ ላይ ሰቀለችው። ሐኪሞቹ አጉረመረሙ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ምድጃው በየቀኑ መንደዱ ቀረ።

ከዚያ አንዱ ግድ የለሽ መርፌ ጥቁሩ ውስጥ ጣለ። ከረጢቱን ስታወጣ የተወጋችው ደግሞ ሌላ ሳትሆን እዚያው በጽዳት የምትሠራው የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። ቶሎ መድኃኒት ጀመረች፤ የደም ምርመራዋ እስኪታወቅ ግን ከቤታችን ሳቅ ጠፋ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠርተው ሁሉም እንደ ድሮው ይመለስ ብለው አዘዙ።

ባለቤቴ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«በቃኝ፣ ልተወው ነው» አለች።

እኔም እፎይ አልኩ። እህቷ ግን ቀና ብላ አየቻት።

«እታለም፣ ድሮም እኮ ከቢጫው ውስጥ መርፌ ይወጋን ነበር። ያኔ ማን ስብሰባ ጠራልን?»

ባለቤቴ በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«የመርፌ መጣያ ሣጥን በየጋሪው ይታሰር፤ መርፌ የያዘ ሰው ከሣጥኑ አይራቅ» አለቻቸው።

«ሌላ ሰው ቢወጋስ?»

«የሕፃናት ክፍሉን ጥቁር ከረጢት እኔ ራሴ አወጣለሁ።»

ዳይሬክተሩ ብዙ አንገራግረው ተስማሙ። የእህቷም ምርመራ ነፃ ሆኖ መጣ፤ ተመስገን። ያም ሆኖ የሕፃናት ክፍሉን ጥቁር ከረጢት እስከ ዛሬ ተሸክማ የምታወጣው ኃላፊዋ ናት። ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የማየው እጇን ነው። ተዪው ግን ብያት አላውቅም።