ሾፌሩ ያልጠጣው አረቄ

አዳማ ያለኝን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ልዘጋ ስል ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። ሱቁን እንድቆልፍ ፈቀዱልኝ። የወሰዱኝ ድሮ የእህል መጋዘን ወደነበረ ቤት ነው። ቆርቆሮው ቀን ላይ ይግላል፤ የሲሚንቶው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። መጀመሪያ የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። ቀጥሎ የሰው ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ።

በዚያ ሙቀት የሚንቀጠቀጠው ሰው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሃምሳን ያለፈ የሻሸመኔ ሰው። ደግፎ የያዘው ወጣት ሆስፒታል ውስጥ በሥነ ልቦና ሕክምና ይሠራ ነበር። እስረኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። «ዶክተር አይደለሁም» ማለት ሰልችቶት ትቶታል።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«አረቄ በድንገት ተቋርጦባቸው ነው። ይኼ ነገር ሰው ይገድላል። ክሊኒክ ውሰዷቸው እያልኩ በሩን ስደበድብ ነው የዋልኩት።»

አብሬው ደበደብኩ። ሌሎቹም ተነሱ። በመጨረሻ ወሰዷቸው፤ በማግሥቱ መድኃኒት ሰጥተው መለሷቸው። መንቀጥቀጡ ቀነሰ፤ ጩኸቱ ግን አልቀረም። እንቅልፍ በወሰዳቸው ቁጥር እየጮኹ ይነሳሉ። ታጣቂዎች መንገድ ላይ መኪናቸውን አስቁመው፣ አብሯቸው ይጓዝ የነበረውን ታናሽ ወንድማቸውን ዓይናቸው እያየ ገድለውት ነበር። እሳቸው የታሰሩት ደግሞ ለእነዚያው ታጣቂዎች ስንቅ ጭነዋል ተብለው ነው።

«ጋሼ፣ የሚጠጡት ለመስከር ነው?» አላቸው ዶክተር አንድ ቀን።

«ለመተኛት ነው እንጂ። ካልጠጣሁ እሱን አያለሁ።»

«እንግዲያው ሁለቱን አብረን ነው የምንይዘው። መጠጡን ብቻ ብንነጥቅዎ ከዚያ መንገድ ጋር ብቻዎን ይቀራሉ።»

እንዲህ ተጀመረ። እየጮኹ ሲነሱ መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ያስደርጋቸውና የት እንዳሉ፣ አጠገባቸው ማን እንዳለ እንዲናገሩ ያደርጋል። የመጠጥ አምሮቱ ሲነሳባቸው «መጣ» ይላሉ፤ እስኪያልፍ ከጎናቸው እንቀመጣለን። ትንሽ ሲረጋጉ ስለዚያ ቀን ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው መሰበር ሲጀምር «ለዛሬ እዚህ ላይ ይበቃል» ብሎ ያስቆማቸዋል። ቸኩሎ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ወደ ቢሮ ተጠሩ። ሲመለሱ የውኃ ፕላስቲክ ይዘው ነበር። ውስጡ ያለው ውኃ አልነበረም።

«የጠሩኝ በር የሚያስደበድበው፣ ሰው የሚሰበስበው አንተ ነህ ብዬ እንድፈርም ነው» አሉት ዶክተርን። «ይህን ቅመስና አስብበት አሉኝ። ከፈረምኩ በየቀኑ ይመጣልኛል።»

ክዳኑን ከፈቱት። የአረቄው ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«መጣ» አሉ።

ዶክተር ፕላስቲኩን አልቀማቸውም። «ጋሼ፣ ቢጠጡትም አልቀየምዎትም» አለና አጠገባቸው ተቀመጠ። እኛም ተቀመጥን። ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተለጠፈ። ብዙ ቆይተው ክዳኑን መልሰው ገጠሙት፤ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ሁለቴ ሳቱት። ከዚያ ተነስተው በሩን አንኳኩና ጠባቂውን ጠሩት።

«ልጄ፣ ይህን ለሰጠኝ ሰው መልስልኝ። አልፈርምም።»

ጠባቂው ፕላስቲኩን አየው፣ ሙሉ ነው። ተቀብሏቸው ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ሾፌሩን ከነዕቃቸው አስወጧቸው። «ገለቶማ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑን። የት እንደወሰዷቸው አላወቅንም። እስከ ዛሬም አላወቅኩም። ዶክተር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ምሳ ስናቀርብለት «ገና አልጨረስንም ነበር» አለኝ።

እኔን ሳይከሱኝ ለቀቁኝ። ቤቴ ገብቼ ግን መተኛት አቃተኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል። መጀመሪያ ቢራ ነበር፣ ቀጥሎ አረቄ። ባለቤቴ ይዛኝ የሄደችበት የመጀመሪያው ሐኪም «መጠጡን ተውና ተመለስ» ብሎ ሸኘኝ። ሳልመለስ ብዙ ጊዜ አለፈ። አሁን የምታክመኝ ባለሙያ እንደዚያ አላለችኝም፤ ከነመጠጤ ተቀበለችኝ።

የመጀመሪያ ቀን ስለ ሾፌሩ ብቻ ሳወራላት ቆየሁ። እሷ ሁሉንም አዳመጠችኝና ስጨርስ «አንተንስ ምን አደረጉህ?» አለችኝ።

ያን ቀን አልመለስኩላትም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሄድኩ፤ ከመጋዘኑ በር አንስቼ የደረሰብኝን ጥቂት ነገርኳት።