በጥላ ልክ የምትሰፋው ሲኞራ

ልጅ ሳለሁ፣ ገጀረት በሚባለው ሰፈር በነበረው ግቢያችን የሚኖሩ ልጆች ሁሉ ሲመሽ የሚሰበሰቡት በአያቴ ፈርኔሎ ዙሪያ ነበር። ፈርኔሎ የምንለው የከሰል ምድጃውን ነው፤ ስሙን ከጣልያኖች ወርሰን በዚያው ቀረን። አያቴን ሁላችንም በትግርኛችን አቦሓጎ እንላቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ግንበኛ ሆነው የኖሩ፣ ጣቶቻቸው ከኖራ ብዛት የተሰነጣጠቁ፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ቅርብ የሆነ ሰው ነበሩ። ሻሂያቸውን ጨርሰው ተረት ሊጀምሩ ሲሉ ላምባውን ዝቅ ያደርጉታል። «ጋዝ እንዳያልቅ ነው» ይላሉ፤ እኛ ግን ለማስፈራራት እንደሆነ እናውቃለን። ያኔ ፊታቸውን ከታች የሚያበራው ፍሙ ብቻ ይሆንና፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው እርስ በርሳችን እንጠጋጋለን።

የሚያወሩልን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም። ስለ ራሳችን ሰፈር ነበር፤ ይበልጥ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ከሁሉ ከሁሉ እኔ የምፈራው የሲኞራዋን ተረት ነበር። ወደ ትምህርት ቤት በምሄድበት መንገድ ላይ ረጅም ቢጫ አጥር ያለው፣ መስኮቶቹ ሁሉ የተዘጉ ቪላ ነበር። አቦሓጎ እንዳሉን፣ እዚያ ቤት አንዲት ጣልያናዊት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። ለአንድያ ልጇ የቁርባን ቀሚስ እየሰፋችላት ሳለ ልጅቷ ታመመችና ቀሚሱ ሳያልቅ ሞተች። ሲኞራዋም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ቤቱ ባዶ ከቀረ ወዲህ ግን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማል ይባል ነበር። የልጇ ልክ ጠፍቶባታል አሉ። ስለዚህ በደጇ የሚያልፉ ልጃገረዶች ጥላ አጥሩ ላይ ሲያርፍ፣ በዚያ ልክ ጨርቅ ትቆርጣለች።

«ቀሚሱ ሲያልቅስ?» ብሎ አንዱ ልጅ ጠየቀ።

አቦሓጎ ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና፣ «እሱን እስካሁን የነገረኝ የለም» አሉ።

በዚያው ዓመት የከሰዓት ፈረቃ ደረሰኝ። ስመለስ ፀሐይዋ ከጎኔ ዝቅ ብላ ጥላዬን ከእግሬ እስከ ራሴ አጥሩ ላይ ትዘረጋዋለች። በሌላ በኩል የሚያስኬድ መንገድ ነበር፤ ግን በጦር ሰፈሩ በር ላይ ስለሚያልፍ እናቴ በዚያ ዝር እንዳልል አስጠንቅቃኛለች። ስለዚህ ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ፣ ጥላዬ እንዲያንስ ጎንበስ እያልኩ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ቆም አልኩ። ያኔ ሰማሁት። ከተዘጋው መስኮት ጀርባ የስፌት መኪና ይሄዳል፤ ትንሽ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። ንፋስ ነው ያሉኝ ብዙ ናቸው። ንፋስ ጨርቅ ለማዞር ብሎ አይቆምም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አልኩ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እናቴ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ደክሟት ስትገባ የእኔን ለቅሶ ለመስማት አቅም አልነበራትም። «እንግዲያው ቅሪ» አለችኝ። «ሰኞ ሄጄ ስምሽን አሰርዛለሁ። እኔ ፋብሪካ ስውል ታናናሾችሽን ትጠብቂያለሽ።» ክፋት አልነበረም። እሷም በልጅነቷ እንዲሁ ነበር የቀረችው፤ ሴት ልጅ ቤት ብትውል ማን ለምን ይላል? እኔ ግን ትምህርት ቤቴን እወድ ነበር። ያ አማርኛ፣ ፊደሉ የምናውቀው ሆኖ ቃሉ ሌላ የነበረው፣ አፌ ውስጥ ገና መጣፈጡ ነበር። አለቀስኩ፤ ነገር ግን ፍርሃቴ ከፍላጎቴ በለጠ።

አቦሓጎ ይህን ሲሰሙ «ተረት እኮ ነው» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም።

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «በዚያ ደጅ ስታልፊ ሲኞራዋን ሰላም ብለሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ይኸው! በትልቅ ሰው ደጅ በየቀኑ እየሮጥሽ ታልፊያለሽ፣ አንድም ቀን እንዴት ዋሉ አላልሽም። እኔ ብሆንም እቆጣ ነበር። የማን ልጅ ናት እያለች ይሆናል።»

አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ወላጅን ማሰደብ ነው፤ ለካስ እኔ ነኝ ባለጌዋ!

ከዚያ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉና እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ድምፁ ከሩቅ ተሰማኝ፤ እሳቸውም እንደሰሙት አውቃለሁ፣ እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝና። በሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጎንበስ ብለውም፣ «ከመይ ውዒልክን፣ ሲኞራ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ። እኔም በቀጭን ድምፄ እንዴት ዋሉ አልኳት።

የስፌት መኪናው ቆመ።

ትንሽ ጠበቅን። አልቀጠለም። «እወ፣ ሰማችሽ» አሉኝ፤ ባርኔጣቸውንም መልሰው ደፍተው ወደ ቤት ይዘውኝ ተመለሱ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሰላም እያልኳት፣ አንዳንዴም የፈተና ውጤቴን እየነገርኳት አለፍኩ። ድምፁን ዳግመኛ አልሰማሁትም። ምን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም፤ ለማወቅም አልቸኩልም።

አቦሓጎ ያረፉት ትምህርቴን ልጨርስ ስል ነበር። በሐዘኑ ሰሞን፣ ለቀስተኛው ሲቀል፣ እናቴን ለማጽናናት ይህን ታሪክ አወራኋት። ፊቷ ተለዋወጠ። «በዚያ በር በኩል ወሰዱሽ?» አለችኝ። «አቦይ?» አባቴ ማለቷ ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቪላ የሠሩት አቦሓጎና ታናሽ ወንድማቸው ነበሩ። ግንቡ ሊያልቅ ሲል ወንድምየው ከእንጨት መወጣጫው ላይ ወድቆ በዚያው ደጅ፣ በእሳቸው እጅ ላይ ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቦሓጎ በዚያ መንገድ አልፈው አያውቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ ዙሪያውን ነበር የሚሄዱት።

ሲኞራዋን በተረት እዚያ ቤት ያስገቧት እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ ይሆናል፤ ወንድማቸውን ከሚያስቡ እሷን ማሰብ ቀሏቸው ይሆናል። አላውቅም። ይህን የምጽፍበት አማርኛ ግን በዚያ ሰኞ ያልተቋረጠው ትምህርት ያተረፈልኝ ነው፤ እንጀራ የበላሁበት ሥራም፣ ልጆቼን ያስተማርኩበት ደመወዝም እንዲሁ። የቐንየለይ ብዬ ሳላመሰግናቸው አለፉ፤ ያኔ ለምን እንደማመሰግን አላውቅም ነበር። እጄን ይዘውኝ የሄዱት ለእኔ ፍርሃት ብለው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን በበሩ ፊት ከሁለታችን ይበልጥ የፈሩት እሳቸው ነበሩ።