የሞላኋቸው ስድስት ባዶ ቦታዎች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው ለአንተ ነው፣ አንባቢዬ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የአማርኛ መምህር ነኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር፣ አሳታሚ ሳንጠብቅ፣ በራሳችን የምናዘጋጃት አንዲት ቀጭን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ጀመርን። የምንፈልገው የሙከራ ጽሑፍ ነበር፦ ስንኙ ገጹ ላይ የሚንከራተት ግጥም፣ ከመጨረሻው የሚጀምር ታሪክ፣ ከሥዕል ጋር የተጠላለፈ ወግ። አዘጋጁ እኔ ነበርሁ። ገጽ ላይ የተተወ ባዶ ቦታ ራሱ እንደሚናገር ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስረዳ ነበር። ይህን የምነግርህ፣ አላወቅሁም ነበር እንዳልልህ ነው።

ለሁለተኛው እትም የኔታ ጽሑፍ ሰጡኝ። የኔታ በሰፈራችን ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። በእጃቸው የጻፉት ሁለት ገጽ የልቅሶ ግጥም ነበር። የሟቹ ስም ሊገባባቸው በሚገቡ ስድስት ቦታዎች ግን ምንም አልነበረም፤ የአንድ ስም ስፋት ያህል ባዶ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። የብራና ጸሐፊ የጸሎት መጽሐፍ ሲጽፍ የባለቤቱን ስም ቦታ ክፍት ይተዋል። ባለቤቱ ሲታወቅ ስሙ በቀይ ቀለም ይገባል። የኔታ ያን ልማድ ለልቅሶ አዋሉት፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ሟች ስም እንዲያስገባበት። እኔም ልማዱን አውቀው ነበር፤ እብናት ከተማ፣ አጎቴ ቤት በልጅነቴ ያገላበጥሁት ዳዊት እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ነበረው። ታዲያ ለምን አልገባኝም? መልሱ ያሳፍረኛል። ከአንድ ወጣት ገጣሚ ቢመጣልኝ ባዶውን አድንቄ መግቢያ እጽፍለት ነበር። ከሽማግሌ ካህን ስለመጣ ግን የተረሳ መሰለኝ።

ልጠይቃቸው አልችልም ነበር? ቤታቸው ከትምህርት ቤታችን የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልጠየቅሁም። የምናባዛበት ቀን ደርሶ ነበር፤ አንባቢ አይቶ የእርማት ጉድለት እንዳይለኝ ፈራሁ። የምትተይብልንና የምታባዛልን ስመኝ ነበረች፣ ገበያው አጠገብ የትየባና የፎቶኮፒ ሱቅ የነበራት ልጅ። እሷ ባዶውን እንደ ባዶ ትታው ነበር። ፋይሉን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ከፍቼ በስድስቱም ቦታ «እገሌ» ብዬ ሞላሁት። እኔ ነኝ የሞላሁት። ከዚያ እንድታባዛው መልሼ ሰጠኋት።

መጽሔቷ በምትመረቅበት እሑድ የኔታ በነጠላቸው ጫፍ አንድ እሽግ ቀይ እስክሪብቶ ቋጥረው መጡ። ለተሰብሳቢው ሊያድሉ ነበር። ገጹን ገልጠው አነበቡ። የፈቱትን እሽግ መልሰው ቋጠሩት።

«ማነው የሞላው?» አሉኝ።

«ስመኝ ናት፣ የኔታ። ስትተይብ የተዘለለ መስሏት ይሆናል።»

ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም። ሰው እንዲህ ቶሎ ይዋሻል? እኔ ዋሸሁ።

«እገሌ የሚባል አልሞተብኝም፣ ልጄ» አሉ የኔታ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጅቱን እንዳልቆጣትም ለመኑኝ። ከጓደኞቼ አንዱ፣ ለሚቀጥለው እትም ግጥማችንን ሁሉ ታሻሽልልናለች ብሎ ቀለደ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስመኝ እዚያ አልነበረችም። ወሬው ግን ሱቋ ድረስ ሄደ። እኔ አይደለሁም ብትልም ማን ይስማት? የሚያውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ እኔ ደግሞ ዝም አልሁ። የሰጧትን ትለውጣለች ተባለ። መምህራኑ ፈተናቸውን፣ ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ሌላ ዘንድ መውሰድ ጀመሩ። በዓመቱ ሱቋን ዘጋች። የኔታም ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር አልሰጡንም፤ ብንለምናቸውም ዓይኔ ደከመ ይላሉ።

ባለፈው ታኅሣሥ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሐሙሲት ላይ መኪና ቀየርሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ገበያው ዳር ቆሜ አየኋት። የፕላስቲክ ጫማ ዘርግታ ትሸጣለች። እሷ ናት ቀድማ ሰላም ያለችኝ።

«መምህር፣ የኔታን ይቅርታ ጠይቅልኝ» አለች። «ያኔ እኔ አይደለሁም ብዬ ተሟገትሁ። ኋላ ሳስበው፣ ያን ሰሞን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። እጄ ሳላውቀው ጽፎት ይሆናል።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። እሺ፣ እነግራቸዋለሁ አልኋት። ረዳቱ ሲጣራ ደስ ብሎኝ ሮጥሁ። ባሕር ዳር እስክደርስ በመስኮቱ ያየሁት ነገር የለም።

ሥራዋን አሳጥቼ አላበቃሁም፤ የገዛ እጇን እንድትጠራጠር አደረግኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ዐረፍተ ነገሬ መሐል ይቆምብኛል፤ ተማሪዎቹ ይጠብቁኛል፣ እኔ እረሳለሁ። ጥድፊያ ነበር፣ ወጣት ነበርሁ የሚሉ ምክንያቶችን ደርድሬ አይቻለሁ። ያን ቀን አፌን የከፈተው ጥድፊያ አይደለም፤ አምስት ዓመት የዘጋውም ወጣትነት አይደለም።

ይህ ጽሑፍ በዚያችው መጽሔት ይወጣል። ከመታተሙ በፊት ለየኔታ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ገበያ ቀን ደግሞ ሐሙሲት እወስደዋለሁ። ስመኝ፣ ይቅር በይኝ ለማለት ገና አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እወቂልኝ። እጅሽ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የጻፍሁት።