ውርጭ ለማኟ

በመንገድ ሥራ ላቦራቶሪው ውስጥ «እመት ውርጭ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የመንገድ ሥራው ኢንጂነር ነው፤ እሷም ደስ ብሏት ተቀብላዋለች። አገር ምድሩ ፀሐይ ሲናፍቅ መስኮት ከፍታ «ዛሬም አልበረደም!» እያለች የምትበሳጭ ሴት ሌላ ምን ትባላለች? ሥራዋ ጠጠር ማሠቃየት ነው። ታረጥበዋለች፣ ታቀዘቅዘዋለች፣ መልሳ ታቀልጠዋለች፤ ከዚያ ያበጠውን ከቻለው ትለያለች።

«ብርድ ብቻውን መንገድ አይገድልም» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። «ውሃ ከሥር ይሳባል፣ ብርድ ከላይ ይወርዳል። መሐል ላይ ከተገናኙ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።»

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልጋትም ነበር። የሰፈሯ መንገድ የተሠራው ጭቃ በበዛበት የወንዝ ጠጠር ነው። በብርዱ ወራት ያብጣል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ገንፎ ይሆናል። አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው፣ ውርጭ ከጣለበት ቀን ጀምሮ መንገዱ እስኪደርቅ ከቤት አይወጡም። «ዘንድሮም ታሰርኩ» ይላሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው።

ዘንድሮ ግን ተስፋ ነበረ። ከሰፈሩ ጀርባ ያለው አሮጌ ፋብሪካ ፈርሷል። ኢንጂነሩ ኮንክሪቱን አስፈጭቶ በወንዝ ጠጠሩ ምትክ ለሰፈሩ ከሚሠራው አዲስ አስፋልት ሥር ሊያነጥፈው አስቧል። ፍርስራሹ ውርጩን መቻሉ በዚህ ብርድ ካልታየ ግን ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል። ይህ ሲወሰን የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሸ።

«ብርድ በደጅ በነፃ እየወረደ ማሽን የምጠብቀው ምን አጥቼ ነው?» አለችና ጠጠር ጠቅጥቃ የሠራቻቸውን ሁለት ሲሊንደሮች አዘጋጅታ ወደ ቤቷ በረንዳ ወሰደች። አንዱ የወንዝ ጠጠር፣ አንዱ የተፈጨ ፍርስራሽ ነው። ብርዱ ከላይ ብቻ እንዲገባ በሰጋቱራ በተሞላ ሣጥን ውስጥ አቆመቻቸው። እግራቸው ዝርግ ሳህን ላይ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ራሳቸው ለውርጩ የተጋለጠ። በአናታቸው ላይ ማበጣቸውን የሚናገር መለኪያ መርፌ አለ።

ውርጩ ደጋግሞ ከጣለ በኋላ መርፌውን አየች። ፍርስራሹ ንቅንቅ አላለም። ስልክ ደወለችለት፤ ኢንጂነሩ እየሮጠ መጣ።

«እልል በይ እንጂ! ነገ የድንጋይ መፍጫውን አስነሳለሁ!»

እሷ ግን ዓይኗ ሁለተኛው ሲሊንደር ላይ ቀርቷል። «ይኼኛውም አልተነሳም።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«የወንዝ ጠጠሩ እኮ ነው! በየዓመቱ ሲያብጥብን የኖረ ጠጠር ዘንድሮ ምን ነክቶት ጨዋ ሆነ?»

እጇን ሣጥኑ ውስጥ ሰደደች። ሳህኑ ደርቋል። ከሲሊንደሮቹ ሥር የታጠፈ የሱፍ ሻርፕ ተነጥፏል። ዘወር ስትል አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ ውሃውን ማን ደፋው?»

«እኔ ነኛ! በዚህ ብርድ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚያድር ፍጡር የት አየሽ? እኔን ጉልበቴን የጨረሰኝ ይኸው አይደል? አዘንኩላቸው።»

«ጠጠር እኮ ናቸው!»

«ጠጠርም ቢሆን ቤቴ ከገባ እንግዳዬ ነው።»

ኢንጂነሩ የበረንዳውን ብረት ይዞ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፍርስራሹ ግን ያው አልተነሳም እኮ...» አለ።

«ደረቅ ከሆነማ ዱቄትም ኩፍ አይልም» አለችው።

አዲስ ሲሊንደሮች ሠራች። በዚህኛው ዙር ሦስተኛ ጨመረች፦ ዱቄቱ በወንፊት የወጣለት ፍርስራሽ። የተፈጨ ኮንክሪት ውሃ መጠጣቱ አይቀርም፤ ከሥር ወደ ላይ እየሳበ የሚያሳብጠው ግን ድቃቂው ነው ብላ ጠርጥራለች። ሁሉም ተሰናዳና ፀሐይ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ ልብሱን አስጥቶ ሲፍነከነክ እሷ ሰማዩን ትገላምጣለች። ራዲዮው የብርዱ ወራት ማለቁን ተናገረ።

አንድ ሌሊት ግን ሰማዩ በከዋክብት ጠርቶ አደረ፤ ውርጩም ተመለሰ። አማቷ በገዛ ፈቃዳቸው የውሃ ዘበኛ ሆኑ። ሳህኑ በጎደለ ቁጥር ለብ ያለ ውሃ እየጨመሩ፣ «ይቅር በሉኝ ልጆቼ፣ ለመንገዱ ብዬ ነው» ይሏቸዋል።

ብርዱ ሊሰናበት ሲል ሦስቱን አየቻቸው። የወንዝ ጠጠሩ እንደ እንጉዳይ ራሱን ቀና አድርጓል። በወንፊት ያልተነፋው ፍርስራሽ ጥቂት ከፍ ብሏል። የተነፋው ባለበት አለ። ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነከረች፤ ውሃ ሞልቷል። እልልታዋን ስታቀልጠው የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፈተ።

አሮጌው ጠጠር ተቆፍሮ ወጣ፣ ግራና ቀኙ የውሃ ቦይ ተቀደደለት፣ የተነፋው ፍርስራሽ ተነጠፈ፣ ከላዩም አስፋልት ለበሰ። በቀጣዩ ብርድ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ጠዋት፣ አማቷ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ስምምነቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ዳቦ ቤቱን አለፉት!» አለች ምራቲቱ ከኋላ እየተጣደፈች።

«ዳቦ ማን ፈለገ?» አሉ ሳይዞሩ። «ይኼ መንገድ የት እንደሚያደርስ ላየው ነው።»