ያጣራሁት ሲታብ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር በረኪና፣ ካስቲክ ሶዳ፣ ባዶ ጀሪካንና ልዩ ልዩ ኬሚካል እሸጣለሁ። ትምህርቴ የመርካቶ ነው። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ድፍርስ ዕቃ ገዢ እንደሌለው ነው። ሰው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፤ ከሥሩ አንዳች ነገር ከተጋደመ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ ፈሳሽ የሆነውን ሁሉ በነጭ አቡጀዲ ሳላጣራ ከሱቄ አላወጣም። የሰፈሩ ንጹሕ ነጋዴ ማነው ብሎ ለሚጠይቀኝ እኔ ነኝ እላለሁ፤ እስካሁን ግን የጠየቀኝ የለም።

ከደንበኞቼ አንዷ ከሱቄ ከፍ ብሎ ባለ ትንሽ የዕፅዋት ላብራቶሪ የምትሠራ ሴት ነበረች። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው በእንጦጦ የኮሶ ዛፎች ላይ ነው። እኔ ኮሶን የማውቀው በሆዴ በኩል ነው፤ እሷ የምትፈልገው ከቅጠሉ የሚወጣውን ዲኤንኤ ነበር። ለዚህም ሲታብ የሚባል ነጭ ዱቄት ከእኔ ትገዛለች።

ባለፈው ክረምት ላብራቶሪው አንድ ቀን መብራት ጠፍቶበት፣ መበጥበጫ ቦታ ብትቸገር ከሱቁ ጓሮ ያለውን የጋዝ ምድጃዬን ፈቀድኩላት። ዱቄቱን በሞቀ የጨው ውሃ ስታማስል አረፋውን አየሁ።

“ሳሙና ነው እንዴ?”

“ዘመዱ ነው፤ ግን ተገላቢጦሽ ነው ጋሼ። የልብስ ሳሙና ቻርጁ ኔጌቲቭ ነው፣ የዚህ ፖዘቲቭ። የቅጠሉን ሴል ይሰብርልኛል፣ ያን የሚዝለገለገውን ነገር ደግሞ ለብቻው ይይዝልኛል።”

“ከዘመዱ ጋር ቢገናኝስ?”

“ይያያዙና ሁለቱም ከሥራ ውጭ ይሆናሉ።”

“የኛ ቤተሰብ ነው በይኛ።”

ሳቀች። ብጥብጡ እንደ መስታወት ጠራ፤ ሁለት ሊትር ሙሉ ጠርሙስ። ጠዋት እንዳደርስላት አደራ ብላኝ ሄደች። ስለ ብርድ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የነገረችኝ ስለ ቅጠሉ ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ የነበረ አንድ ያረጀ ኮሶ በዝናብ ወድቆ፣ ተመልሳ እስክትሄድ ግንዱ ተፈልጦ ተወስዷል። በእጇ የቀረው ሁለት ፖስታ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ለሁለት ሙከራ ብቻ የሚበቃ። ያ ዛፍ ከጎደለ ጥናቷ ጎዶሎ ነው።

ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጠርሙሱ ከሥሩ በረዶ የመሰለ ነጭ ነገር አጋድሟል። ዱቄቱን የሸጠልኝ አስመጪ ባዕድ ነገር ቀላቅሎብኛል አልኩ። ነጋዴ ሲደነግጥ የለመደውን ይሠራል፤ አቡጀዲውን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ራሴ ተሸክሜ ሳደርስላት ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው።

“እንዴት ጥርት ብሏል!” አለች።

ስለ ማጣራቱ ሳላነሣ ወደ ሱቄ ወረድኩ። ደስም ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ መጣች።

“ጋሼ፣ ምንም የለም። አንዱ ፖስታ አለቀ፣ ምንም አልወጣም።”

“ቅጠሉ አርጅቶ ይሆናላ።”

“ምናልባት የእጄ ስህተት ነው። ሁለተኛውን አሁን በዚያው ብጥብጥ ልሞክረው ነው። ዱቄቱ ግን ደህና ነው አይደል?”

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ነጋዴ ሦስት መልስ አያጣም። ሦስቱም ምላሴ ላይ ነበሩ። ግን ፖስታውን በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

“አጣርቼዋለሁ” አልኩ።

“ምን አደረጉት?”

“ነጭ ነገር ነበረው። በጨርቅ አጣራሁት። ሁለት ጊዜ።”

ጃንጥላዋን አስቀመጠች።

“ጋሼ! ሲታቡ እኮ እሱ ነው! ሲበርደው ይረጋል፣ ሲያሞቁት ይመለሳል። እኔ ስሠራበት የዋልኩት የጨው ውሃ ነዋ!”

“በደንብ የተጣራ የጨው ውሃ።”

አልሳቀችም።

“ጨርቁ ላይ የቀረውስ የት አለ?”

“ወለል አጠብኩበት።”

ወለሉን አየችው። እውነት ለመናገር ንጹሕ ነበር።

ከዚያው ከሱቄ የዱቄት ቆርቆሮ መዝና በጓሮዬ ምድጃ ላይ እንደገና በጠበጠች። እስኪጠራ አማሰለች፤ እኔ ደግሞ ጠርሙሱን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ሳይበርድ ለመድረስ ዳገቱን ከኋላዋ እያለከለክሁ ወጣሁ። ላብራቶሪው በር ላይ፦

“እዚያው ይቁሙ፤ ምንም እንዳይነኩ” አለችኝ።

“እጄን ኪሴ ከትቻለሁ።”

የመጨረሻውን ቅጠል ወቀጠች። ከሞቀው ሲታብ ጋር በትንሽ ቱቦ አድርጋ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየችው። ከዚያ ሌላ ኬሚካል ጨመረች፣ ማሾሪያ ማሽን ውስጥ ከትታ አሾረችው፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀዳች። በመጨረሻ ከፍሪጅ ቀዝቃዛ አልኮል አውጥታ በቱቦው ግድግዳ ላይ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ቱቦውን አዘንብላ ጠበቀች። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“ጋሼ፣ ይምጡ።”

ጠጋ አልኩ። በፈሳሹ መሐል የሸረሪት ድር የሚያህል ነጭ ክር ተንሳፏል።

“ዲኤንኤ የምትይው ይሄ ነው?”

“ይሄ ነው።”

ያን ሁሉ ጭንቀት ላመጣ ነገር በጣም ቀጭን ነው ልል ብዬ ተውኩት። ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አቆመችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። በጓንቷ ጀርባ ዓይኗን ልትጠርግ እጇን አነሣች፤ መሐል ላይ ጓንቱ ኬሚካል እንደነካው ትዝ አላት መሰለኝ፣ መለሰችው። ጓንቱን አውልቃ ጣለች፣ ሌላ አጠለቀች። ከዚያ የዛፉን ቁጥር ቱቦው ላይ ጻፈች።